የልብ ድካም ያለበትን ታማሚ ከነቤተሰቡ ማስታመም፦ ለነርሶች መመሪያ

የልብ ድካም ማለት ልብ መምታት አቆመ ማለት አይደለም፤ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም ለመርጨት አቅም አጠረው ማለት ነው። ወደ ፊት በደንብ ያልተገፋ ደም ወደ ኋላ ያቁራል። ሳንባ ላይ ሲያቁር ትንፋሽ ያጥራል፤ እግር፣ ሆድና ጉበት ላይ ሲያቁር እብጠት ይመጣል። ኩላሊት ደግሞ የሚደርሰው ደም ሲያንስ ሰውነት ውሃ የጎደለው ይመስለውና ጨውና ውሃ ይዞ ያስቀራል፤ እብጠቱም ይብሳል። አብዛኛው ታማሚ ከዚህ ሕመም ጋር ለዓመታት ይኖራል። ከእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከሐኪም ፊት የሚያሳልፈው ጊዜ በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ፣ ለዚያውም ደቂቃዎች ብቻ ነው። ጨው የሚጨመረው፣ ክኒን የሚዋጠው ወይም የሚረሳው፣ ትራስ የሚደራረበው ቤት ውስጥ ነው። ቤተሰብን ያማከለ የነርስ እንክብካቤ ከዚህ ይነሳል።

በብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ሆስፒታሎች ይህ አሠራር ሲጀመር ትልቁ ጥያቄ በመጠየቂያ ሰዓት የተገደበውን ቤተሰብ ወደ ታማሚው አልጋ ማቅረብ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ግልባጭ ነው። አስታማሚው ቀድሞም እዚያው ነው፤ ምግብ ያመላልሳል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ያመጣል፣ ማታ አልጋው ሥር ይተኛል። ስለዚህ የነርሷ ሥራ ቤተሰቡን መጋበዝ ሳይሆን ያለውን ጉልበት ማደራጀት ነው፤ ማን ምን እንደሚሠራ መለየት፣ የሚሠራውንም በትክክል ማሳየት።

ቤተሰቡን ማወቅ

የመጀመሪያው እርምጃ ታማሚው በገባ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ቤተሰቡን በወረቀት ላይ መሣል ነው። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሎሬን ራይትና ሞሪን ሌሂ ለነርሶች ባዘጋጁት የቤተሰብ ምዘና ዘዴ ውስጥ ይህ የቤተሰብ ሐረግ ሥዕል ዋና መሣሪያ ነው፤ አጭር የቤተሰብ ውይይትም በ15 ደቂቃ ሊጠናቀቅ እንደሚችል አሳይተዋል። ሥዕሉ ላይ ሦስት ሰዎች ምልክት ይደረግባቸዋል፦ የሚያበስለው፣ የሚከፍለውና የሚወስነው። ሦስቱ አንድ ሰው የሚሆኑበት ቤት ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት የታወቀ ነው። ከገጠር የመጣን ታማሚ ሆስፒታል ውስጥ የሚያስታምመው ብዙ ጊዜ ከተማውን የሚያውቅ የእህት ወይም የወንድም ልጅ ነው። ነርሷ ስለ ጨው የምትነግረው ለዚህ ወጣት ነው። ወጥ የምትሠራው ግን አገር ቤት ያለችው ባለቤቱ ናት፤ ትምህርቱ መንገድ ላይ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመውጫው ቀን በፊት ስልክ ተደውሎና ድምፁ ከፍ ተደርጎ ወጥ የምትሠራው ሰው በቀጥታ እንድትሰማና እንድትጠይቅ ይደረጋል።

ቀጥሎ ሕመሙ ለማን እንደሚነገር ይወሰናል። «እንዳይደነግጥ» ተብሎ ለቤተሰብ ነግሮ ከታማሚው መደበቅ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ራሱን መመዘንና ክኒን መዋጥ ያለበት ሰው ለምን እንደሚያደርገው ካላወቀ አይዘልቅበትም። ስለዚህ ታማሚው ራሱ ለብቻው ይጠየቃል፦ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋል? ማን አብሮት እንዲሰማ ይወዳል? ማን እንዳይሰማ? መልሱ ይመዘገባል፣ ይከበራልም።

ሲነገርም ቃሉ ራሱ እንዳያሳስት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ድካም» ሲባል ዕረፍት የሚሽረው ነገር ይመስላል፤ ሁለት ሳምንት ተኝቶ የሚነሳ የሚመስላቸው ቤተሰቦች አሉ። ዕድሜ ልክ የሚከታተሉት ሕመም መሆኑ፣ በደንብ ከተያዘ ግን ብዙዎች ወደ ሥራቸው እንደሚመለሱ አንድ ላይ ይነገራል። መንስኤውም ይነገራል፤ ምክንያቱም የቤተሰቡ ሥራ እንደ መንስኤው ይለያያል። በአደጉት አገሮች የልብ ድካም ያለበት ሰው በአብዛኛው አረጋዊ ሲሆን ምክንያቱም የልብ ደም ሥር መጥበብና የደም ግፊት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከደም ግፊት ጎን ለጎን በልጅነት ከያዘ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ ልብ ሕመም ብዙ ወጣቶችን ለልብ ድካም ይዳርጋል። በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የሚከሠት የልብ ጡንቻ ድካምም አለ።

ትምህርቱ ሲያበቃ «ገባችሁ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ለነጭ ጋውን ክብር ሲባል መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። በምትኩ አስታማሚዋ «ቤት ሲገቡ ለልጆቹ እንዴት አድርገው ይነግሯቸዋል?» ተብላ በራሷ አነጋገር እንድትመልሰው ይደረጋል። የጎደለው ያኔ ይታያል። ራይት የምትመክረው አንድ ጥያቄም እዚህ ጥሩ ቦታው ነው፦ ዛሬ አንድ ጥያቄ ብቻ የሚመለስላችሁ ቢሆን ምን ትጠይቁ ነበር? ብዙ ጊዜ የሚወጣው ነርሷ ያልገመተችው ነገር ነው፤ ይተላለፋል ወይ፣ አብሮ መተኛት ይቻላል ወይ፣ እርሻ መመለስ ይችላል ወይ።

ሚዛንና ደብተር

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ይህ ለቤተሰቡ ከተነገረ በኋላ ሌላው ማብራሪያ ራሱ ይመጣል፦ በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው አልወፈረም፣ ሁለት ሊትር ውሃ ይዟል። ታማሚው በየጠዋቱ ከሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘናል። ክብደቱ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም ይደወላል ወይም ይኬዳል። በተቃራኒው ክብደቱ በፍጥነት እየወረደ ራሱን የሚያዞረው ከሆነ፣ በተለይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ፣ ሽንት የሚያሸናው መድኃኒት በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል ያም ይነገራል።

ሚዛን በየቤቱ የለም። ከተማ ላይ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ፤ ሁልጊዜ ከአንዱ ሚዛን ላይ መመዘን ነው ቁም ነገሩ፤ ከሚዛን ሚዛን ልዩነት አለና። ጤና ኬላ ወይም መድኃኒት ቤት ቅርብ ከሆነም በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ መመዘን ጨርሶ ካለመመዘን ይሻላል። ሚዛን ጨርሶ በሌለበት አካል ራሱ ይነበባል። አውራ ጣት የቅልጥም አጥንት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ሲነሳ ጉድጓድ ከቀረ እብጠት አለ። ክር ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ቁርጭምጭሚት ላይ ዞሮ ቋጠሮ ይደረግበታል፤ ቋጠሮው ካልደረሰ እግሩ አብጧል። ጫማ መጥበቡ፣ የቀበቶ ቀዳዳ መለወጡ፣ ማታ የሚደረበው ትራስ ከአንድ ወደ ሦስት መውጣቱም ያው ምልክት ነው። ትራሱን የሚቆጥረው አብሮት የሚያድር ሰው ስለሆነ ይህ ጥያቄ ለእሱ ነው የሚቀርበው።

ለመዝገቡ የተማሪ ደብተር በቂ ነው። ቀን፣ ክብደት፣ እብጠት፣ ትንፋሽ፣ መድኃኒት ተብሎ ይሰመራል። ፊደል የቆጠረ ልጅ ካለ ሥራው ለእሱ ይሰጣል፤ የአሥር ዓመት ልጅ የአያቱን ክብደት የሚመዘግብ ከሆነ የሚረሳ ቀን አይኖርም። ደብተሩ በየቀጠሮው ይመጣል፣ ነርሷም ታነበዋለች። ያልተነበበ ደብተር በሦስተኛው ወር ይቆማል።

ጨውና ማዕድ

የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። የልብ ድካም ያለበት ሰው ከዚህ ማለፍ የለበትም። «ጨው ቀንሱ» ብሎ መሸኘት ግን ብዙ አይጠቅምም፤ ጨው የሚገባው ወጥ ላይ ሲነሰነስ ብቻ አይደለምና። በብዙ ቤት በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው አብሮት ይፈጫል፤ ሚጥሚጣና አዋዜም እንደዚያው። ዳቦ፣ የሾርባ ኩብ፣ የታሸገ ቲማቲም ጨው አለባቸው። ቡና በጨው የሚጠጣበት አገርም አለ። አምቦን የመሰለ የማዕድን ውሃ ሶዲየም ይዟል። ስለዚህ ወጥ የምትሠራዋ የትናንቱን ምግብ ከጠዋት እስከ ማታ እንድትዘረዝር ይደረግና ጨው የገባበት ቦታ አንድ በአንድ አብሮ ይለቀማል። በሚቀጥለው የበርበሬ ዝግጅት ጨው ሳይገባ እንዲፈጭ መስማማት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነው።

ለታማሚው ለብቻው ማብሰል አንዱ አማራጭ ነው። አበሻ ቤት ይህ አያዛልቅም። በአንድ ትሪ ከልጆቹ ጋር ይበላ የነበረ አባት በሰሐን ለብቻው ሲቀርብለት ሕመሙን በየቀኑ ሦስት ጊዜ ያስታውሰዋል፤ ጉርሻም ይቀርበታል። የተሻለው መንገድ የቤቱን ወጥ በሙሉ ጨው አሳንሶ መሥራትና ለፈለገ ጨው በገበታ ላይ ማስቀመጥ ነው። የደም ግፊት በዘር ስለሚሄድ ልጆቹም ይጠቀማሉ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ ጣዕሙን ይይዙታል፤ ምላስም በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሱፐርማርኬት የሚሸጡ የጨው ምትኮች ብዙዎቹ ፖታሲየም የያዙ ስለሆኑ ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ሰው አደገኛ ናቸው።

የውሃ ገደብ ለሁሉም አይደለም፤ ሐኪሙ ያዘዘለት ብቻ ነው የሚገደበው፣ መጠኑም ብዙ ጊዜ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ነው። ሲገደብ በሃይላንድ መቁጠር ይቀላል። የተፈቀደው ውሃ ጠዋት በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሞላል፤ ታማሚው ሻይ፣ ወተት፣ አጥሚት ወይም ሾርባ በጠጣ ቁጥር ያንኑ ያህል ከጠርሙሱ ይቀነሳል። ሃይላንዱ ሲያልቅ የቀኑ ድርሻ አለቀ። ጠያቂ ጁስ ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ «ይጠጣ እንጂ» የሚለውን ፍቅር የሚመልስ አንድ ሰው ከቤተሰቡ አስቀድሞ ይመደባል፤ ታማሚው ራሱ እምቢ ለማለት ይቸገራልና።

መድኃኒት

ለቤተሰቡ መድኃኒቶቹ በሁለት ተከፍለው ይነገራሉ። አንደኛው ዛሬ የሚያቀል ነው፤ ሽንት የሚያሸናው ፉሮሴማይድ፣ በብዙዎች አፍ ላዚክስ። ሁለተኛው ነገን የሚጠብቅ ነው፤ ኢናላፕሪል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ካርቬዲሎል፣ ስፓይሮኖላክቶን። የሁለተኛዎቹ ጥቅም ለዓይን አይታይም፤ በዚህም የተነሳ «ተሻለኝ» ብሎ ማቆም ታማሚን መልሶ አልጋ ላይ ከሚጥሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። የተሻለው መድኃኒቱን ስለወሰደ መሆኑ ደጋግሞ ይነገራል። ኢናላፕሪል የጀመረ ሰው ደረቅ ሳል ከያዘው ማቆም ሳይሆን መናገር አለበት፤ የሚተካው አለ።

ፉሮሴማይድ ጠዋት ይወሰዳል። ሁለተኛ መጠን ካለ ከሰዓት በኋላ ገና በጊዜ እንጂ ማታ አይደለም፤ አለዚያ ሌሊቱ መጸዳጃ ቤት ሲመላለሱ ያልቃል። መጸዳጃው ሩቅ ከሆነ ፖፖ ይዘጋጃል፤ በጨለማ የወደቀ አረጋዊ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣልና። ለቅሶ ወይም ረጅም የአውቶቡስ መንገድ ያለበት ቀን ክኒኑን መዝለል የተለመደ ነው። በዚህ ቀን ሰዓቱን ማዘግየት እንጂ መተው እንደማይገባ አስቀድሞ ይመከራል። ለማያነብ ሰው ፓኮው ላይ ፀሐይና ጨረቃ ይሣላል።

ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ለጉልበቱ ሕመም ሁለት ቀን የወሰደው ዲክሎ በሳምንቱ እግሩን ሊያሳብጠው ይችላል። ለዚህ ታማሚ የሚሻለው ፓራሲታሞል ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ካለ ጎመን መብላት አይከለከልም፤ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት እኩል ይሁን። በጾም ወራት ጎመን በድንገት ሲበዛ ውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል።

የሩማቲክ ልብ ሕመም ያለበት ወጣት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ያስፈልገዋል። ከመርፌው በኋላ ሰው ሞተ የሚል ወሬ ቤተሰብንም ባለሙያንም አስፈርቷል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ልባቸው በጣም በተጎዳ ታማሚዎች ላይ የታየው ድንገተኛ ሞት ከአለርጂ ይልቅ ከልባቸው ሁኔታ ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል ገልጾ፣ ለእነዚህ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲታሰብ መክሯል። ስለዚህ መርፌው ይቀጥል ወይስ በክኒን ይተካ የሚለው በሐኪም ይወሰናል፤ ቤተሰቡ ፈርቶ በራሱ የሚያቋርጠው አይደለም። መርፌ የሚወስድ ሰው በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ተኝቶ ቢወጋ ራስን የመሳት አደጋው ይቀንሳል።

ወጣት ሴት ታማሚ ስለ እርግዝና ለብቻዋ ትነጋገራለች። ኢናላፕሪልና ዋርፋሪን ጽንስን ሊጎዱ ይችላሉ፤ እርግዝናው ራሱም ለደከመ ልብ ከባድ ሸክም ነው። ይህ ርእስ አማት በተቀመጡበት አይነሳም። እሷ ከፈቀደች በኋላ ባል ይጠራል።

ገንዘብ ሲያጥር ቤተሰብ ከማዘዣው ግማሹን ይገዛል፣ የቱ እንደሚቀርም በዋጋው ይወስናል። ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ በግልጽ ከተወራ ሐኪሙ ርካሹን አማራጭ ሊያዝ ይችላል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነትም መዋጮ የሚሰበሰብበት ወቅት ሳያልፍ እንዲታደስ ይታሰባል።

ጾምና ፀበል

ከእምነት ጋር የተከራከረች ነርስ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡን ታጣለች። በኦርቶዶክስም በእስልምናም ታማሚ ከጾም ሊፈታ ይችላል፤ ይህን ከነርስ አፍ ከመስማት ከንስሐ አባት ወይም ከኢማም አፍ መስማት ይቀላል። ስለዚህ እነሱ እንዲመጡ ወይም እንዲጠየቁ ቤተሰቡ ይመከራል። እጾማለሁ ላለ ሰው የመድኃኒቱን ሰዓት ሐኪሙ ያስተካክል እንጂ ቤተሰቡ በግምት አያዛውረው። ፀበልም እንደዚሁ ነው። የሚጠጣው ከሃይላንዱ ድርሻ ይቀነሳል፣ ክኒኑ አብሮ ይሄዳል፣ በሌሊት ቀዝቃዛ ውሃ መጠመቁም ትንፋሹ ላጠረ ሰው ከባድ መሆኑ ለቤተሰቡ ይነገራል።

እንቅስቃሴ፣ ዕንቅልፍና የጭንቅ ምልክት

ፍቅር ከሚያጠፋቸው ነገሮች አንዱ የታማሚው ጉልበት ነው። «አትነሳ፣ እኛ እናመጣልሃለን» እየተባለ ሦስት ወር የተኛ ሰው ጡንቻው ይከሳል፣ እግሩ ላይ ደም የመርጋት አደጋም አለ። ሕመሙ ከተረጋጋ በኋላ በየቀኑ ሜዳ ላይ ይራመዳል፤ እየተራመደ ማውራት ከቻለ ልኩ ያ ነው፣ ቃል ከቆረጠው ያርፋል። ሲተኛ ጀርባው ከፍ ይላል። መኝታው ማገዶ ከሚጨስበት ክፍል ይለያል፤ የቡና ዕጣንም መስኮት ተከፍቶ ይሁን።

አልጋው አጠገብ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይዘጋጃል። የክብደት መጨመር፣ የእብጠት መባስ፣ አዲስ የሌሊት ሳል፣ ተጨማሪ ትራስ መፈለግ ካለ በዚያው ቀን ይደወላል። ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ አረፋ ያለው ሮዝ አክታ ከተፋ፣ ደረቱን አጥብቆ ካመመው፣ ራሱን ከሳተ ወይም ከተደናገረ ግን ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እስኪደርስ ድረስ ታማሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ እግሩ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ምንም አይጠጣም። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ በቃሬዛ ሲወሰድ የሚፈጸመው ከባዱ ስሕተት በጀርባው ማጋደም ነው፤ የተኛ ሰው ሳንባው በውሃ ይሞላበታል። ጀርባው በጆንያ ወይም በብርድ ልብስ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ መሸከም ይገባል። የመጀመሪያው የክትትል ቀጠሮ ታማሚው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት በስልክ መጠየቅ ብዙ ነገር ያድናል።

አስታማሚውና የመጨረሻው ጊዜ

አስታማሚነት ብዙ ጊዜ በአንዲት ሴት ላይ ይወድቃል፤ በሚስት ወይም ከትምህርት በቀረች ልጅ ላይ። በየቀጠሮው ለእሷ ብቻ የሚቀርብ ጥያቄ መኖር አለበት፦ ስንት ሰዓት ትተኛለች? ማን ይተካታል? የመጀመሪያው የቤተሰብ ሥዕል እዚህ እንደገና ይወጣና ሥራው ይከፋፈላል፤ መድኃኒት መግዛት ለወንድሟ፣ ቀጠሮ ማመላለስ ለጎረቤት፣ እሑድ ለእህት። ማኅበርና ዕድር ካለ ተራ ማውጣት ያውቁበታል።

ልብ መድኃኒት የማይመልስበት ደረጃ ሲደርስ፣ ታማሚው በየሳምንቱ እየተመላለሰ ሲተኛ፣ ውይይቱ ሳይዘገይ ይከፈታል። ሆስፒታል መቆየት ይፈልጋል ወይስ ቤቱ? ማን እንዲኖር ይወዳል? ቤት ከሆነ ጀርባው ከፍ ብሎ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ በማራገቢያ ፊቱ ላይ ነፋስ ቢላክለት የትንፋሽ ጭንቀቱ ይቀልለታል። አሁን የማይጠቅሙት ክኒኖች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ጭንቅንና ሕመምን የሚያስታግሱት የትኞቹ እንደሆኑ ሐኪሙ ለይቶ ይጽፋል፤ በሌሊት ማን እንደሚደወልለትም ቁጥሩ ይሰጣል። ከለቅሶው በኋላ ባሉት ሳምንታት ነርሷ ለዋናዋ አስታማሚ አንድ ጊዜ ትደውላለች። ለወራት ያላየችው የራሷ ቀጠሮ ካለ ይያዝላታል፣ የደም ግፊቷም ይለካል።